ልጅ ለማሳደግ ከሥራ የወጣች ፕሮግራመር በየትኛው በር ትመለስ?

ግልጽ ደብዳቤ

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣
ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር፣
እንዲሁም በሐዋሳ ከተማ ሶፍትዌር ለምትሠሩና ለምታሠሩ የመንግሥትና የግል መሥሪያ ቤቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ልጅ ለማሳደግ ከሥራ ተለይተው የቆዩ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ወደ ሙያቸው የሚመለሱበት መንገድ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሐዋሳ ከተማ የምኖር፣ የሁለት ልጆች እናትና በሙያዬ ፕሮግራመር የሆንሁ ሴት ነኝ። በ2004 ዓ.ም. በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ለስምንት ዓመት ገደማ የቁጠባና ብድር ተቋማት የሚገለገሉባቸውን የሒሳብ ሥርዓቶች ስሠራ ከቆየሁ በኋላ፣ ከሚያዝያ 2012 ዓ.ም. እስከ የካቲት 2017 ዓ.ም. ድረስ ልጆቼን ለማሳደግ ከሥራ ወጥቼ ነበር። ዛሬ ሥራ ላይ ነኝ፤ ስለዚህ የምጠይቀው ለራሴ አይደለም። ሆኖም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት እየተገናኘን አብረን ኮድ የምንጽፍ አራት ሴቶች አሉ። እኔ ያለፍሁበት ደጃፍ ላይ እስካሁን ቆመዋል። የምጽፈው ስለ እነሱና እንደ እነሱ ስላሉት ነው።

ከሥራ የወጣሁት ሙያው ሰልችቶኝ ወይም ከብዶኝ እንዳልነበር በአጭሩ ላስረዳ። የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችው በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠውን የ30 ቀን የቅድመ ወሊድና የ90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ከነሙሉ ደመወዙ ወስጄ ስጨርስ ወደ ቢሮዬ ተመልሼ ነበር። ብዙም ሳልቆይ፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ልጄን የምትይዝልኝን ልጅ ወላጆቿ ወደ ገጠር ጠሯት፤ እናቴ በዕድሜ የገፋችና የስኳር ታማሚ በመሆኗ ሕፃን ላሸክማት አልደፈርሁም፤ ባለቤቴ የጤና ባለሙያ ስለሆነ በዚያ ሰሞን ቤት የሚገባበት ሰዓት አይታወቅም ነበር። ለስድስት ወር ብዬ መልቀቂያ አስገባሁ። በ2014 ዓ.ም. ሁለተኛው ልጄ ቀኑ ሳይደርስ ተወልዶ የቅርብ ክትትል ሲያስፈልገው፣ ስድስት ወር ያልሁት አምስት ዓመት ሊሞላ ደረሰ። በውሳኔዬ አልጸጸትም፤ ያ ጊዜ ቢመለስ ያንኑ እወስን ነበር። ሕጉ ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ብቻ መሆኑን ሳስብ ግን፣ ከሁለታችን ማን ቤት እንደሚቀር እኛ ሳንነጋገርበት አስቀድሞ የተወሰነ ይመስለኛል።

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሥራ መፈለግ ስጀምር መጀመሪያ የገጠመኝ እንቅፋት የዕውቀት ጉዳይ አልነበረም፤ የማስታወቂያ አጻጻፍ ነበር። የሥራ ማስታወቂያዎችን እየሰበሰብሁ ሳነብ ያሉት በሮች ሁለት ብቻ መሆናቸውን ተረዳሁ። አንደኛው “የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት” የሚለው ነው። ከሥሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ “የ2015 ወይም የ2016 ዓ.ም. ተመራቂ” የሚል መስመር ይከተላል። እኔ የ2004 ተመራቂ ነኝና በዚህኛው በር አልገባም። ሁለተኛው “4 ዓመትና ከዚያ በላይ ቀጥተኛ የሥራ ልምድ” የሚለው ነው። ስምንት ዓመት ስለሠራሁ በዚህኛው የምገባ መስሎኝ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት ማመልከቻዬን የተቀበለችኝ ባለሙያ የልምድ ደብዳቤዬን አንብባ ስትጨርስ ገልበጥ አድርጋ ከጀርባው ሌላ ወረቀት ፈለገች። “ከ2012 ወዲህ ያለውስ?” አለችኝ። ልጅ ሳሳድግ እንደቆየሁ ስነግራት ፊቷ ላይ እውነተኛ ኀዘን አየሁ፤ “እሱማ በልምድ አይያዝም እኮ፣ እህቴ” ብላ ወረቀቶቼን አስተካክላ መለሰችልኝ። እሷን አልወቅስም። የሰጧትን መስፈርት ነበር የምትሠራበት። መስፈርቱ ግን ለጀማሪ በጣም የቆየች፣ ለልምድ ደግሞ በጣም የራቀች ሴት መኖሯን አያውቅም።

አንድ ቦታ እስከ ቃለ መጠይቅ ደርሼ ነበር። ከአቶቴ በባጃጅ ተነሥቼ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስሁ፤ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ጠበቁኝ። ስለ ዳታቤዝ፣ ስለ ትራንዛክሽን ወይም አንድ የብድር ሠንጠረዥ እንዴት እንደሚዋቀር ይጠይቁኛል ብዬ ሌሊቱን ሳነብ ነበር ያደርሁት። የመጀመሪያው ጥያቄ “ልጆቹ ከማን ጋር ይውላሉ?” የሚል ሆነ፤ ሁለተኛው “ቢታመሙስ?”፤ ሦስተኛው “ሌላ ልጅ ታስቢያለሽ?”። ከእኔ በፊት የገባውና ውጭ ቁጭ ብለን ስንጫወት የሦስት ልጆች አባት መሆኑን የነገረኝ አመልካች ከእነዚህ አንዱንም አልተጠየቀም፤ ሲወጣ ጠይቄው ነው ያወቅሁት። ከላይ የጠቀስሁት አዋጅ ሴት ሠራተኛ በቅጥርና በክፍያ በጾታዋ ምክንያት ልዩነት እንዳይደረግባት ይከለክላል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ለሴቶች መብት የተለየ ስፍራ ሰጥቷል። ጠያቂዎቼ ሕግ እየጣሱ እንደሆነ ተሰምቷቸው ነበር ብዬ አላምንም፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ጥያቄው እንደ ደግነት፣ እንደ አሳቢነት ነበር የቀረበው።

አሠሪዎች የሚያነሡት አንድ ተገቢ ሥጋት አለ፤ ልሸፋፍነው አልፈልግም። ይህ ሙያ አምስት ዓመት ቆሞ አይጠብቅም። ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮድ ለመላክ የሞከርሁበትን ሌሊት አልረሳውም። ልጆቹ ተኝተው፣ ቻርጀሩ ካልተሰካ የማይነሣውን የድሮ ላፕቶፔን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ፣ በቀድሞው ፕሮጀክቴ ላይ ትንሽ ማስተካከያ ሠርቼ ኮድ በኢንተርኔት ወደሚቀመጥበት መድረክ፣ ወደ ጊትሃብ፣ ፑሽ ሳደርግ የይለፍ ቃሌ ተመለሰብኝ። ሁለቴ ደግሜ ጻፍሁት። ረስቼው መስሎኝ ነበር። መልእክቱን ቀስ ብዬ ሳነብ ግን በይለፍ ቃል መላክ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 13 ቀን 2021 ጀምሮ መቅረቱን የሚናገር ነበር፤ በእኛ ነሐሴ 7 ቀን 2013 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ያን ቀን እኔ የሁለተኛ ልጄ እርጉዝ ነበርሁ። በሩ ከተለወጠ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ቁልፉ አሁን ቶክን እንደሚባል፣ ከዋናው ገጽ የቅንብር ክፍል ውስጥ እንደሚወጣ አንብቤ አስተካክዬ እስክልክ 20 ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ለብዙ ደቂቃዎች እጄን ጭኜ ተቀምጬ፣ “በቃ፣ አልፎኛል” ስል እንደነበር መደበቅ አልችልም።

ሌላውም ብዙ ነበር። የድሮ ሥርዓቶቻችን ገጽታ የተሠራበት አንጉላር ጄኤስ ድጋፉ የተቋረጠው በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነው። ከጀርባ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ፒኤችፒ 7.4 በኅዳር 2015 ዓ.ም. የደህንነት ድጋፉ አበቃ፤ በዚያው ሳምንት፣ ኅዳር 21 ቀን፣ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ተለቀቀ። ከሥራ ስወጣ የብድር ክፍያ በመስኮት ይሰበሰብ ነበር፤ ስመለስ ግን በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር የሁሉም ሰው እጅ ውስጥ ገብቶ፣ ከክፍያ ሥርዓት ጋር መገናኘት የማይችል ሶፍትዌር ገዢ አያገኝም። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጥቶ ፋይዳ መጣ፤ በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ታወጀ፤ ሁለቱም የደንበኛን መረጃ ስለምንይዝበት መንገድ በቀጥታ የሚመለከቱ ናቸው። ይህን ሁሉ በሌሊትና ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚውሉበት ሰዓት ተማርሁ። አዲሱን ፒኤችፒ በአንድ ሳምንት ለመድሁት፤ አዲሱ የገጽታ መሥሪያ ሪአክት እጄ እስኪገባ ሁለት ወር ያህል ወሰደብኝ። በድምሩ ሦስት ወር ገደማ ነው። ለስምንት ዓመት የተከማቸን ሙያ ለማደስ ሦስት ወር ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? አዲስ ተመራቂ ቀጥሮ ለስድስት ወር ያሠለጠነ ማንኛውም የክፍል ኃላፊ መልሱን ያውቀዋል።

ያልተለወጠውን ግን ማንም አይጠይቅም፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ ሥራ መፈለግ ከመጀመሬ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሰፈራችን ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱ መዝገብ እንደተበላሸበት ጎረቤቴ ነገረችኝ። ሄጄ አየሁት። አንድ አባል በሦስት የተለያየ ደብተር ተመዝግቧል፤ አንዱ ላይ ስሙ ኃይሉ፣ ሌላው ላይ ሃይሉ፣ ሦስተኛው ላይ ሐይሉ ተብሎ ተጽፏል። ገንዘብ ተቀባይዋ ስሙን በአንደኛው ፊደል ስትፈልገው በሌላው የተጻፈው ስለማይወጣላት አዲስ ደብተር ትከፍትለታለች። ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጡበት መስፈርት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ ሦስት የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሦስት ፊደላት ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው። መፍትሔው የአባሉን ስም እሱ ራሱ እንደሚጽፈው ሳይነካ አስቀምጦ፣ ከጎኑ ሞክሼ ፊደላቱ ሁሉ ወደ አንድ ወጥ የተለወጡበት ሌላ ዓምድ ጨምሮ ፍለጋውን በዚያ ላይ ማድረግ ነው። ይህን በሁለት ሌሊት ሠርቼ ጨረስሁ።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነበር። ኦዲተሩ ማኅበሩ በመስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዕለት፣ ከብዙ አባላት ገንዘብ መቀበሉን ከመዝገቡ አይቶ በበዓል ቀን ማን ቢሮ ከፍቶ እንደዋለ ጠይቋል። ማንም አልከፈተም። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ነበራት፤ ሥርዓቱን የጻፈው ሰው ግን ጳጉሜንን ሁልጊዜ 5 ቀን አድርጎ ስለቆጠራት፣ ኮምፒውተሩ “ጳጉሜን 6 የሚባል ቀን የለም” ብሎ ሲመልስባት ገንዘብ ተቀባይዋ ቸግሯት የዕለቱን ገቢ በሙሉ መስከረም 1 ብላ አስገብታዋለች። ለአራት ዓመት ዝም ብሎ የሚተኛና በአንድ ቀን የሚነሣ ስሕተት ነው። ኮዱን ከፍቼ የቀን መለወጫውን ሳየው በአምስት ደቂቃ አገኘሁት። ይህን ያደረግሁት የተለየ ብልህነት ኖሮኝ አይደለም። በ2011 ዓ.ም.፣ ጳጉሜንዋ 6 ቀን በነበረችበት በዚያ ዓመት፣ በራሴ ሥርዓት ላይ የዚህኑ ስሕተት ወንድም አርሜ ስለማውቅ ነው። ይህን የመሰለ ዕውቀት ሰው ልጅ ስላጠባ አይረሳውም። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተጣለው የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ ኤስኪውኤል ዛሬም ያው ኤስኪውኤል ነው፤ ገንዘብ ከአንዱ ሒሳብ ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይገባ መብራት ቢሄድ ምን መሆን እንዳለበት የሚወስነው ደንብም አልተለወጠም።

ይህን ሥራ በማመልከቻዬ ላይ ጻፍሁት። ግብር የተከፈለበት መሆኑ በማስረጃ ካልተረጋገጠ እንደማይያዝ ተነገረኝ። ለጎረቤቶቼ ያለ ክፍያ ነበር የሠራሁት።

አሁን ኮድ የሚጽፉ አጋዥ መሣሪያዎች ስለመጡ “ጀማሪም አያስፈልገን፣ ተመላሽም” የሚሉ ኃላፊዎችን ሰምቻለሁ። በየቀኑ እጠቀምባቸዋለሁና የማየውን ልናገር። መሣሪያው ኮድ በፍጥነት ይጽፋል፤ ጳጉሜንን 5 ቀን ብሎ ቢጽፍ ግን መሳሳቱን የሚያውቀው ያንን ስሕተት ከዚህ በፊት ያየ ዐይን ነው። እንደ እኔ እምነት፣ የተጻፈ ኮድ አንብቦ “ይህ እዚህ ጋ ይወድቃል” ማለት የሚችል ሰው ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይፈለጋል፤ ቤት የተቀመጡት ሴቶች ያላቸውም በትክክል ይኸው ነው።

ልጅ ያላቸው ሴቶች ኮድ ይጽፉ ዘንድ መንገድ መክፈትም አዲስ ነገር አይደለም። ስቴፋኒ ሸርሊ በልጅነቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ከቪየና ተሰድዳ እንግሊዝ የገባች ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1962 የሶፍትዌር ድርጅት አቋቁማ፣ በጋብቻና በወሊድ ምክንያት ከሙያው የወጡ ሴቶችን ቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ቀጠረች። ለደንበኞች የምትጽፈው ደብዳቤ መልስ አላገኝ ሲላት “ስቲቭ” በሚል የወንድ ስም መፈረም ጀመረች። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞቿ ወንዶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ኮንኮርድ የተባለው ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን የበረራ መረጃ መቅጃ ፕሮግራም የተሠራውም በእነዚያ ሴቶች ነው። ከወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ በወረቀትና በእርሳስ ተጽፎ በፖስታ ይላክ ነበር። ኢንተርኔት ያልነበረበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በአሜሪካ ጎልድማን ሳክስ የተባለው ባንክ፣ በሕንድ ታታ የተባለው የኩባንያዎች ቡድን፣ ከሙያቸው ተለይተው የቆዩ ባለሙያዎች ለጥቂት ወራት በክፍያ እየሠሩ የሚታዩበትን የተመላሾች መርሐ ግብር ጀምረዋል። ይህን የሚያደርጉት ለጽድቅ ነው ብዬ አላስብም፤ የሠለጠነ ሰው ስለሚያገኙበት ነው።

የእኛም ከተማ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ማሽን ነክተው የማያውቁ ወጣት ሴቶችን ከየገጠሩ ተቀብሎ አሠልጥኗል። ምንም የማታውቀውን ከዜሮ የሚያሠለጥን ከተማ፣ የምታውቀውን ለሦስት ወር ታግሦ ለመቀበል የሚያቅተው አይመስለኝም።

እናም ጥያቄዬን በግልጽ ላቅርብ።

በሐዋሳ ያላችሁ አሠሪዎች፣ በመጀመሪያ የምለምናችሁ በማስታወቂያችሁ ላይ አንድ መስመር እንድትጨምሩ ነው፦ “በቤተሰብ ኃላፊነት ምክንያት ከሙያው ተለይተው የቆዩ ባለሙያዎች የቀድሞ ልምዳቸው ይያዝላቸዋል።” ይህ አንድ ብር አያስወጣም። የብቃት ጥርጣሬ ካለባችሁ፣ አለመጠርጠርን አልጠይቅም፤ በሥራ ፈትኑን። ሕጉ ራሱ ለዚህ መንገድ ሠርቶላችኋል፤ አዋጅ 1156 እስከ 60 የሥራ ቀናት የሚደርስ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ ያልሆነን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። 60 የሥራ ቀን ማለት እኔ ሙያዬን ለማደስ ከወሰደብኝ ሦስት ወር ጋር እኩል ሊባል የሚችል ነው። የአምስት ዓመት ክፍተት ያስፈራው አሠሪ በእጁ ያለውን ይህን መሣሪያ ለአዲስ ተመራቂ ሲጠቀምበት፣ ለተመላሽ ሲሆን ግን ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ልጆች ጠይቆ የሚያሰናብትበት ምክንያት አይገባኝም።

እኔ የተቀጠርሁት በዚሁ መንገድ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. አንድ ትንሽ ድርጅት ስለ ልጆቼ አልጠየቀኝም፤ ስለ ክፍተቱም አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ መልሴን ተቀበለ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ወር ሲዘጋ 40 ደቂቃ የሚፈጅና አንዳንዴም ሳይጨርስ የሚቆም አንድ የሪፖርት ፕሮግራም ሰጠኝና “አንድ ሳምንት አለሽ፤ የሳምንቱን እንከፍልሻለን” አለኝ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ደንበኛ እየተመላለሰ ዳታቤዙን ለየብቻ ይጠይቅ ነበር፤ ጥያቄዎቹን ወደ አንድ ሰብስቤ፣ የጎደለውን ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ጨምሬ፣ በአራተኛው ቀን በ12 ሰከንድ ጨረሰ። ዐርብ ዕለት ውል ፈረምሁ። የደመወዝ እርከኔ ከጀማሪ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደ ሥራዬ ተስተካከለ። ሌሎችም እንዲያደርጉት የምመኘው ይህንኑ ነው፤ ዝቅ ብሎ መጀመሩን እንቀበላለን፣ እዚያው መቅረቱን ግን አንቀበልም።

ከዚህ ጋር የሥራ ሰዓት ነገር አለ። ኮድ ከቦታ ጋር የተሳሰረ ሥራ አይደለም። አንዳንዶቻችን ከአዲስ አበባ ድርጅቶች ጥሪ ደርሶን፣ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ልጆቻችንን ይዘን መሄድ ስላልቻልን ቀርተናል። በሳምንት ሁለት ቀን ቤት ሆኖ መሥራት የተፈቀደላት እናት ልጇ ባተኮሰው ቀን ሥራ አትቀርም። መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ቢሮም ይጠፋል፤ ጄኔሬተሩ ያለበት ቢሮ ካለ ያን ቀን ባጃጅ ይዘን እንመጣለን።

የወሊድ ፈቃድ ላይ ላሉ ወይም ሊወጡ ላሉ ሠራተኞቻችሁም አንድ ነገር አድርጉላቸው፤ ኢሜይላቸውን አትዝጉ። በወር አንድ ጊዜ በሚደረገው የቡድን ስብሰባ ላይ ከፈለጉ እንዲገኙ ጋብዟቸው፣ ምን እንደተለወጠ ንገሯቸው። የይለፍ ቃል መቅረቱን ያኔ አንድ ሰው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሌሊት በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያን ያህል ብቻዬን አልሆንም ነበር።

ክቡራን ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ የሚሰጥ በመሆኑ ከእኛ አራቱ ወስደውታል፤ የፕሮግራሚንግ መሠረታዊያንን፣ የዳታ ትንተናን፣ የአንድሮይድ ሥራንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያስተምር በጎ ሥራ ነው። ሰርተፊኬቱን ይዘው ሲሄዱ ግን የሚቆጠሩት እንደ አዲስ ጀማሪ ነው፤ ከዚያም የተመረቁበት ዓመት ታይቶ ይመለሳሉ። የምጠይቃችሁ ሥልጠናውን ጨርሰው ቀድሞ የሠሩ ሰዎችን ለይታችሁ፣ ከአሠሪዎች ጋር የሚገናኙበትንና ለተወሰኑ ወራት በክፍያ የሚሠሩበትን መንገድ እንድታመቻቹ፣ እንዲሁም የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሶፍትዌር ባለሙያ በሚያወጡት ቅጥር ላይ የምረቃ ዓመት ገደብ እንዲቀር እንድታደርጉ ነው። ለአባቶች ከተሰጠው 3 ቀን በላይ የሚያስብ ማሻሻያ ወደፊት ሲረቀቅም ከሙያው የወጡ እናቶች ቢጠየቁ የሚናገሩት አላቸው።

ከእኔ ጋር የሚሠሩት አራቱ ሴቶች ማን እንደሆኑ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። አንዷ ባንክ ውስጥ ሰባት ዓመት የሠራችና መንታ ልጆች ያሏት ናት፤ አንዷ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሥርዓት የጻፈች ናት፤ ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህራን ነበሩ። ባለፉት አምስት ወራት አብረን የሠራነው የእድርና የእቁብ መዝገብ መያዣ ፕሮግራም አለ፤ ሞክሼ ፊደላትን እንደ አንድ ቆጥሮ ይፈልጋል፣ ጳጉሜን 6ንም ያውቃል። ኮዱን ማየት ለሚፈልግ ክፍት ነው። ፈተና ለመስጠት፣ የተበላሸ ሥርዓት ለማሳየት ወይም የሳምንት ሥራ ለመሞከር ፈቃደኛ የሆነ መሥሪያ ቤት ካለ፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው ከጠዋቱ 2፡30 ጀምሮ ላፕቶፓቸውን ይዘው በተባሉበት ቦታ ይገኛሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የሁለት ልጆች እናት፣ ፕሮግራመር
ሐዋሳ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.